ሥዕል ሥር ያደረው አመድ

ሲያትል ውስጥ ሰው «ተራራው ወጥቷል» ሲል ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ተራራው የትም አይሄድም፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው። ደመናው ግን ወር ሙሉ ይጋርደውና አንድ ቀን ጠዋት ሳይታሰብ ገለጥ ያደርገዋል። ያን ቀን የባንክ ዘበኛው ሳይቀር፣ ዘመድ ከሩቅ አገር የመጣለት ይመስል፣ «ወጥቷል እኮ» እያለ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል። እኔ ያን ቀን መኪና መንዳት የለብኝም። ሥራዬ ሆኖ ግን እነዳለሁ። ከመሀል ከተማ ሆቴሎች ወደ አየር ማረፊያው መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ነው የምይዘው።

ተራራው የወጣ ዕለት ወደ ደቡብ ስነዳ ልክ ፊት ለፊቴ ይቆማል። ነጭ ነው፣ ግዙፍ ነው፣ እግሩ መሬት የነካ አይመስልም። ዓይኔ እሱ ላይ ይቀርና እጄ ብቻውን ይነዳል፤ እጄ ደግሞ የአየር ማረፊያውን መውጫ አያውቀውም። እንዲህ ሆኜ ስድስት መንገደኛ እንደጫንኩ አየር ማረፊያውን አልፌ ፌደራል ዌይ የደረስኩበት ቀን አለ። አምስቱ ሲጮኹብኝ ስድስተኛዋ፣ ጸጉሯን ጠቅልላ በእርሳስ ያያያዘች ሴት፣ ከኋላ ወንበር ሆና እሷም ተራራውን ታይ ነበር። ዞሬ ስመለስ ረጋ ባለ ድምፅ «አንድ ቀን ጭቃው ወርዶ ሸለቆውን ሁሉ ይሸፍነዋል» አለችኝ። መቼ ብዬ ጠየቅኋት። ምናልባት ነገ፣ ምናልባት የዛሬ አምስት መቶ ዓመት አለች። እኔ ቀጠሮ የማላከብር ሰው ነኝና እንዲህ ያለ ሰፊ ቀጠሮ ሰምቼ ልቤ በጣም ደስ አለው።

ሴትየዋ በአንድ ትንሽ ኮሌጅ ጂኦግራፊና የመሬት ሳይንስ የምታስተምር ፕሮፌሰር ሆና ተገኘች። አውሮፕላኗን ለጥቂት ደረሰችበት። ከመውረዷ በፊት ስንት ጥያቄ እንደጠየቅኋት ቆጥራ ኖሮ፣ ይህን ያህል የሚጠይቅ ሰው ክፍል ገብቶ ቢጠይቅ ይሻላል ብላ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ። በሚቀጥለው መስከረም፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ቦርሳ አንግቤ ኮሌጅ ገባሁ።

ኮሌጁ ትንሽ ነው። በዓል በሌለበት እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን የሚመጣውን ሰው ብትሰበስቡት ሞልቶት ይተርፋል። ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሆነን ክብ ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን፤ ስለዚህ ከኋላ ተደብቆ ማለም አይቻልም። እዚያ ደግሞ ሁሉም ሁሉን ይማራል። ግጥም የሚያጠናው ልጅ ስለ ድንጋይ ይማራል፣ ድንጋይ የምናጠናው እኛ ግጥም እናነባለን። የመጀመሪያው የቤት ሥራዬ «ጭቃ ምን ስሜት ይፈጥርብሃል» የሚል ነበር። እኔ ያደግሁበት ትምህርት ቤት ስለ ጭቃ የሚሰማንን ጠይቆን አያውቅም፤ እግራችንን ጠርገን እንድንገባ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ጥሩ ውጤት አገኘሁ።

ፕሮፌሰሯ ስሟ ሊንዳ ነው፤ ሊንዳ ብላችሁ ጥሩኝ ትላለች። ሌሎቹ ይጠሯታል፣ እኔ አፌ እምቢ ብሎኝ «ፕሮፌሰር ሊንዳ» እላታለሁ፣ እሷም በየጊዜው ትስቃለች። አፈርን በጥርስ ለይቶ ማወቅ ያስተማረችን እሷ ናት። ቆንጠር አድርጎ በፊት ጥርስ መንከስ ነው፤ ከተንቀጫቀጨ ደለል ነው፣ ካልተንቀጫቀጨ ሸክላ አፈር ነው። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፣ እኔም ጾሜን ነኝ። አፈር ጾም ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም የሚለውን ለንስሐ አባቴ ደውዬ ልጠይቅ አሰብኩና፣ ጥያቄውን ከየት እንደምጀምረው ስላልገባኝ፣ ነክሼ ተፋሁት።

የእኛ ሰው ሲያገኘኝ ምን እንደምማር ይጠይቀኛል፤ ስነግረው ፊቱ ላይ ሐዘን ይመጣል። ነርሲንግ ነበር የሚሻልህ ይላል። አይቲም አለ ይላል። ነርስማ ባለቤቴ ሳባ ናት፤ ለአንድ ቤት አንድ ቁም ነገረኛ ይበቃል ብዬ አመልጣለሁ። የማላመልጠው ከአማቴ ከእማማ አስካለ ብቻ ነው። እማማ ከመጡ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ከከተማው ሰሜን ሌክ ሲቲ ባለችው አፓርታማችን አብረውን ይኖራሉ። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «የሳባ ባል» ነኝ። «የሳባ ባል መጣ ወይ?» «የሳባ ባል በልቷል?» ይላሉ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ። ክፉ ሆነው አይደለም። እንደ ዕቃ ባለቤቱን ማወቅ በቂ መስሏቸው ነው።

አፈር እንደምማር ሲሰሙ «አፈር ለማየት ትምህርት ቤት መሄድ አለበት?» ብለው ሳባን ጠየቋት። የአሜሪካ ምስር ታጥቦ ተበጥሮ ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ እማማ ግን ሁልጊዜ ሰፌድ ላይ ዘርግተው ይለቅሙታል። አንድ ቀን፣ በሦስት ዓመት አንዴ፣ አንዲት ጠጠር አገኙ። ጠርተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና «ያውልህ፣ ትምህርትህ» አሉኝ። ጠጠሯ ዛሬም በኮቴ ኪስ ውስጥ አለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ኮሌጁ የሚያስመርቀው የመጨረሻ ሥራ ሠርቶ፣ ሰው ፊት ቆሞ ያስረዳውን ብቻ ነው። እኔ የመረጥኩት የእሳተ ገሞራ አመድ ነበር። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ከዚህ በስተደቡብ አንድ ተራራ ፈንድቶ አመዱ ይህን አገር ሁሉ አልብሶት ነበር። እኔ ከአምስት ቦታ አመድ እሰበስባለሁ፣ የት ወፍራም የት ስስ እንደሆነ በካርታ አሳያለሁ፣ ቅንጣቱን በማይክሮስኮፕ አይቼ አስረዳለሁ። ይህን ካላደረግሁ አራት ዓመት ነፋስ ወሰደው ማለት ነው።

የሁዳዴ አንድ ዓርብ፣ ገና ሳይነጋ፣ ምንም ሳልቀምስ፣ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ስምንቱ የክፍል ጓደኞቼና ፕሮፌሰሯ በቫን ጠበቁኝ። ከተራሮቹ ማዶ ያለው አገር ዝናብ የማይጎበኘው፣ ቡናማና ጸጥተኛ ነው። መንገድ ሲሠራ በተቆረጠ ገደል ላይ፣ ቡናማው አፈር መካከል፣ በአንድ ጣት ውፍረት ነጭ መስመር ተጋድሟል። ጓደኞቼ ለኩና ወደ ቫኑ ተመለሱ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ያ መስመር አንድ ሰሞን ነው። ከሰማይ ነጭ ነገር እየወረደ፣ ቀኑ ጨልሞ፣ አንዲት እናት ልጆቿን ወደ ቤት ስትጠራ፣ አንዱ ሽማግሌ ደግሞ ይህ በረዶ ለምን አይቀልጥም እያለ በእጁ ሲነካው ታየኝ። በጣቴ ነካሁት። ለስላሳ ነው፣ እንደ ፉርኖ ዱቄት። ሰዎቹ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ እንደነፉልኝ የሰማሁት ኋላ ሲነግሩኝ ነው።

ቅዳሜ ማታ ቤት ስገባ ጸጉሬ ድረስ አቧራ ለብሻለሁ፣ ከንፈሬ ደርቋል፣ ልቤ ያ ነጭ መስመር ዘንድ ስለቀረ አልናገርም። እማማ ከሶፋቸው ሆነው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። 

ከአምስት ቦታ በአምስት ከረጢት ያመጣሁት አመድ እርጥበት ነበረው፣ መድረቅ አለበት። የኮሌጁን ማድረቂያ ምድጃ የአንዱ ልጅ ጭቃ ይዞታል። ቤታችን ውስጥ ደግሞ የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ሐና ዱቄት መሳይ ነገር ካገኘች በሙጫ ለውሳ የምትለጠጥ ጉድ ታደርገዋለች። ሐና የማትነካው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የእማማ የጸሎት ቦታ፣ ሥዕሎቹና የጸበሉ ጠርሙስ ያሉበት መደርደሪያ። ከሥሩ ማሞቂያው ስላለ ደረቅ ነው፣ ይሞቃል። አምስቱን ከረጢት ከፈት ከፈት አድርጌ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ፣ ሥዕሉ ሥር ደረደርኳቸው። በወቅቱ ብልህነቴን እያደነቅሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሳምንት በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ጣፋጩ ነው። እሑድ እማማ ምሳ መጀመሪያ ለእኔ አቀረቡ። ሰኞ «ልጄ፣ ደክሞሃል፣ ጋደም በል» አሉኝ። ልጄ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ፣ ማንም የለም። ማክሰኞ ጫማዬ ተወልውሎ በር ላይ ጠበቀኝ። ጾም ባይሆን ኖሮ ዶሮ ይሠራልኝ እንደነበር አልጠራጠርም። ምክንያቱን አልጠየቅሁም። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ሲመጣ፣ ለምን መጣህ ብዬ ላባርረው አልፈለግሁም።

ሐሙስ ከሥራ ስገባ የዕቃ ማድረቂያው ላይ አምስት የፕላስቲክ ከረጢቶች ታጥበው፣ አምስት ብርጭቆ ላይ ተገልብጠው ይንጠባጠባሉ። እማማ የፕላስቲክ ከረጢት አይጥሉም፤ ሁልጊዜ አጥበው ነው የሚያስቀምጡት። አንዱ ላይ በእጄ የጻፍኩት ሦስት ቁጥር ደብዝዞ ይታያል። ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። ጨርቁ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ሥዕሉ ሥር ምንም የለም።

እማማ ሶፋቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ያመጣሁትን እምነት ለሚገባው ሁሉ እንዳዳረሱልኝ ነገሩኝ። እምነት ስትባል ታውቋታላችሁ፤ ከገዳም የምትመጣ፣ የታመመ የሚቀባት የተባረከች አመድ ናት። ዓርብ ሳይበላ ሳይጠጣ የወጣ ሰው፣ ሁለት ቀን ጠፍቶ አቧራ ለብሶ ዝም ብሎ የተመለሰ፣ ነጭ አመድ በነጭ ጨርቅ ሥዕል ሥር ያስቀመጠ፣ ሱባኤ ገብቶ ካልሆነ ከየት ይመጣል? እኔ ራሴ በእሳቸው ቦታ ሆኜ ሳስበው ሌላ ነገር አይታየኝም።

«ጉልበቴን ሁለት ቀን ቀባሁት። ዛሬ ደረጃውን ሳላርፍ ወጣሁ» አሉ። «እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄ።»

አሜን አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሳባ ነገሩን ስትሰማ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «ያስቀመጥከው አንተ፣ ንገራት» አለችኝ። እነግራቸዋለሁ አልኩ። ፕሮፌሰሯም ለላክሁላት ረጅም የሐዘን መልእክት በአንድ መስመር መለሰችልኝ፤ የተረፈውን፣ አንድ ማንኪያም ቢሆን፣ ይዤ እንድመጣ። ለእማማ ከመንገሬ በፊት አንድ ማንኪያ ላግኝ አልኩና በዚያው መዘግየት ጀመርኩ።

በመጀመሪያ የሄድኩት ከግድግዳው ማዶ ወደምትኖረው ጎረቤታችን ወደ እህት ምሕረት ነው። እህት ምሕረት ጴንጤ ናት፣ በቸርቿ መዘምራን ውስጥ ታገለግላለች፤ ከእማማ ጋር በሃይማኖት ባይስማሙም ሽሮ ይበዳደራሉ። እማማ አምስቱንም ከረጢት በትልቁ ጎድጓዳ ሳህን ደባልቀው በሾርባ ማንኪያ እንዳከፋፈሉ ከእሷ ሰማሁ። አምስት ቦታ፣ አምስት ውፍረት፣ የአራት ዓመቴ ካርታ፣ አንድ ሳህን ሆነ። የእሷ ድርሻ የት እንዳለ ስጠይቃት ፊቷ ቀላ፣ በሩንም ዘጋች።

«እማማ በአክብሮት ነው ያመጡልኝ፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። እኛ ጋ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነገር አናደርግም። ሶ መጣልም ፈራሁ» አለችኝ። «ድስቴ አርሮ ነበር።»

ድስቱን አወጣች። እንደ መስታወት ያበራል። አመዱ ዓይን የማያየው የመስታወት ስብርባሪ ስለሆነ ድስት እንደሚያጠራ እኔ አውቃለሁ፤ እሷ ግን ፈርታለች። ለእማማ እንዳልነግር አስማለችኝ። ልወጣ ስል ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ድንገት ሌላ ካለኝ መጥበሻም እንዳላት ነገረችኝ።

ቅዳሜ ወደ ፌደራል ዌይ ነዳሁ። እዚያ ወይዘሮ ጽጌ አሉ፤ አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው የሚንከባከቡ፣ ሰው ሲያነሱ ሲያስተኙ ወገባቸው የተጎዳ፣ ከእማማ ጋር በቀን ሦስት ጊዜ ኮል የሚደራረጉ ሴት ናቸው። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምላቸው ሳሰላስል ሄድኩ። የተሰጠ እምነት መልሱልኝ አይባልም። የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያካፍሉኝ ማለት። እሱን አልኳቸው። ወይዘሮ ጽጌ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አዩኝ።

«ለሰው ሁሉ ሰጥተህ ለራስህ አላስቀረህም?» አሉ።

አላስቀረሁም። እውነት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ በፎይል ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፣ እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ፓርክ ያደረግሁበት ሳልደርስ ለእማማ ኮል አድርገው አዳርሰውታል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አንድ የማላውቀው ሰው ትከሻዬን ሳመኝ። አንዷ ልጇን እንድባርክላት ወደ እኔ ገፋ አደረገቻት፤ ሐና አጠገቤ ሆና «ዳዲ፣ ዋት ዲድ ዩ ዱ?» አለችኝ። ከቅዳሴ በኋላ ለሰበካ ጉባኤ ምርጫ ስሜ ተጠቆመ። እኔ በቅዳሴ መካከል ጣሪያው ላይ ያለችውን የውሃ ምልክት እንደ ወንዝ ካርታ ሳነብ የምቆም ሰው፣ ለሰበካ ጉባኤ ተጠቆምኩ።

ወይዘሮ ጽጌ ከድርሻቸው ግማሹን ኤቨረት ለሚኖሩት ወንድማቸው ለጋሽ ታደለ ወስደውላቸው ስለነበር በማግስቱ ወደዚያ ሄድኩ። ጋሽ ታደለ አውሮፕላን በሚሠራበት ፋብሪካ ብሎን የሚመረምሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው። አመዱን በንጹሕ የመድኃኒት ብልቃጥ አድርገው፣ አጠገቡ አጉሊ መነጽር አስቀምጠዋል። ገና ስቀመጥ ስንት ቀን ሱባኤ እንደያዝኩ ጠየቁኝ። ሁለት ቀን አልኩ፣ በድንኳን። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት።

«ይኼ መስታወት ነው» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ማቴሪያል ቼክ ሳደርግ ኖሬያለሁ። እምነት አይደለም፣ አይደል?»

ሁሉን ነገርኳቸው። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። እህታቸው በዚህች ብልቃጥ ምክንያት መጥታ አብራቸው ምሳ እንደበላች፣ በየሳምንቱም እመጣለሁ እንዳለች፣ ስለዚህ ለማንም እንዳልተነፈሱ ነገሩኝ። ግማሹን በጥንቃቄ ገለበጡልኝ። በር ላይ ሲሸኙኝ ግን እማማ ይህን ከሰው አፍ መስማት እንደሌለባቸው፣ መንገር ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ ተናገሩ።

ከኤቨረት ስመለስ አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ተጨናንቀን ቆመን ነበር። ጎኔ ካለው ወንበር ላይ ፎይሉና ብልቃጡ ተቀምጠዋል። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ መጥረጊያው ይጠርገዋል፣ እኔም እንደ ልማዴ ሄድኩ። እዚያው ቆሜ ካርታ ታየኝ። አመዱ አንድ ቦታ ፈነዳ። አጠገቡ ያለው፣ እህት ምሕረት ቤት ያረፈው፣ ታጥቦ ሄደ። ሩቅ የወደቀው ፌደራል ዌይ ላይ በወፍራሙ ተኛ። ከዚያ ነፋስ፣ ማለትም ወይዘሮ ጽጌ በቶዮታቸው፣ አንስቶ ኤቨረት ጣለው። የጥንቱ አመድም የሄደው እንዲሁ ነው። ያ ካርታ ጠፋ እንጂ ይኸኛው በእጄ አለ። ከኋላዬ ያሉት ሲያጮሁብኝ መንገዱ ከተከፈተ ቆይቷል።

ይህን አዲስ ካርታ የመጨረሻ ሥራዬ ላድርገው የሚለውን ሐሳብ ፕሮፌሰሯ ወደደችው። እማማ ደግሞ ሥራዬን በማቀርብበት ቀን የተማሪ ቤተሰብ እንደሚጋበዝ ሰምተው ነጭ ቀሚሳቸውን አስተኮሱ። ከዚህ በላይ መዘግየት አልቻልኩም። አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ ምስር ሲለቅሙ ፊታቸው ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ጣታቸው ምስሩን መግፋት አላቆመም።

«ከየት ነው ታዲያ?»

«ከመንገድ ዳር፣ እማማ። ተራራ ፈንድቶ የወረደ አመድ ነው።»

«መቼ?»

ከሰባት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አልኳቸው። እዚህ ላይ ጣታቸው ቆመ። እማማ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ላይ ባሕረ ሐሳቡ ሲነገር በጥሞና ይሰማሉ፤ ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ከምናምን ዓመት እንደሆነ በቃላቸው ያውቃሉ። በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ።

«ዓለም ሊፈጠር ሁለት መቶ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው» አሉ።

ኮሌጅ የተማርኩትና ቄስ ትምህርት ቤት የተማርኩት ሁለቱ መልሶች እኩል ተነሥተው አፌ ላይ ተጋፉ፣ አንዱም አልወጣም። እማማ ግን እኔን አልጠበቁም። «እሱ ሥራውን መቼ እንደሚጀምር አንተም እኔም አንነግረውም» ብለው ወደ ምስራቸው ተመለሱ። በዚህ ያለቀ መስሎኝ ልነሣ ስል እንደገና ተናገሩ።

«ጉልበቴ ይሁን። አንድ ቀን ይሻለዋል፣ አንድ ቀን ያመዋል፤ ድሮም እንዲሁ ነው። እኔ ደስ ያለኝ፣ ጉልበቷን ያማታል ብለህ፣ ለእኔ ብለህ የሄድክ መስሎኝ ነበር።»

 በጣም አዘንኩ፣ በራሴም ተናደድኩ። እኚህ ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ ደረጃችንን መሀል ላይ እያረፉ ሲወጡ ከኋላቸው ቆሜ ስለ ተራራ ሳልም ኖሬያለሁ። የአመዱን ውፍረት በሚሊሜትር አውቃለሁ። የሚያማቸው የቀኙ ጉልበት ይሁን የግራው ግን አላውቅም ነበር። ጠየቅኋቸው። «የግራው» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። ማታ እራት ሲቀርብ «የሳባ ባል ይብላ» ሲሉ ሰማሁ።

ለወይዘሮ ጽጌ እማማ ራሳቸው ኮል አድርገው ነገሯቸው። ምን እንዳሉ አላውቅም፤ በራቸውን ዘግተው አርባ ደቂቃ ተነጋገሩ። ስሜ ከሰበካ ጉባኤው ጥቆማ በጸጥታ ወጣ። እማማ ወደ ኮሌጁ የሚመጡ አልመሰለኝም ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ነጭ ለብሰው መኪናው ውስጥ ቀድመውኝ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እመጣለሁ ብያለሁ፣ እመጣለሁ አሉ፣ በሳባ በኩል።

አዳራሹ ትንሽ ነው። ፊት ለፊት ፕሮፌሰር ሊንዳ እርሳሷን ጸጉሯ ላይ ሰክታ ተቀምጣለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሳባና ሐና፣ እማማ፣ ወይዘሮ ጽጌ፣ ጋሽ ታደለ። እህት ምሕረትም ዳር ይዛ መጥታለች። መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየሁ፤ ብርሃን ያለፈባቸው ጠማማ ስስ መስታወቶች፣ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አያቸው። ቀጥዬ ካርታዬን አወጣሁ። ሌክ ሲቲ፣ ፌደራል ዌይ፣ ኤቨረት። የሰው ስም አልጻፍኩም። የፈነዳበት ቦታ ላይ አንዲት ኮከብ ብቻ አስቀምጫለሁ። ስለ ነፋሱና ስለ መታጠቡ ስናገር እህት ምሕረት ወለሉን ታይ ነበር።

ስጨርስ ፕሮፌሰሯ እጇን አነሣች። ኮከቧ ላይ ያለው ማን ነው ብላ ጠየቀች፤ እሳተ ገሞራው ማን እንደሆነ አልነገርከንም አለች። ሰዉ በደግነት ሳቀ።  እማማን ፈረንጅ ፊት መሳቂያ ላላደርግ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ መልስ ካልሰጠሁ ደግሞ ሥራዬ ምንጭ የሌለው ሥራ ነው። የካርታውን ጫፍ አቃናሁ፣ ደግሜ አቃናሁ። እማማ ወደ ሳባ ጎንበስ ብለው ምን እንደተባለ ሲጠይቁ፣ ሳባም ጆሯቸው ላይ ስትነግራቸው አየሁ።

የፊታቸውን ወንበር ይዘው ተነሡ። በግራ ጉልበታቸው እንደተነሡ አየሁ፣ አመማቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ሳባ ተረጎመችላቸው። ማንም አልሳቀም። ፕሮፌሰሯም ከመቀመጫዋ ተነሣችና፣ አመዱን ለማን እንደሚሰጡ እንዴት እንደመረጡ በአክብሮት ጠየቀቻቸው። እማማ እስኪተረጎምላቸው ጠብቀው መለሱ።

«ጽጌን ወገቧን ያማታል። ታደለ ብቻውን ነው። ምሕረት ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው፣ ይደክማታል። የሚያመውን እያየሁ ነው የሰጠሁት።» ከዚያ በጣታቸው እኔን አመለከቱ። «ለእሱ አልሰጠሁትም። ምን እንደሚያመው ጠይቄው አላውቅም።»

ፕሮፌሰሯ እርሳሱን ከጸጉሯ አውጥታ ጻፈች። እኔ ካርታዬ ላይ ርቀት ነበር የለካሁት።

አለፍኩ፤ በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት። ወደ ቤት ስንመለስ ሳባና ሐና ከኋላ ሆኑ፣ እማማ ጉልበታቸው እንዲዘረጋ ከፊት አጠገቤ ተቀመጡ። ወንበሩን እኔ ነኝ ወደ ኋላ የገፋሁላቸው። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ወደ ሰሜን ስነዳ ተራራው ከኋላዬ በመስታወቱ ውስጥ ወጣ። የምሽት ፀሐይ ሮዝ ቀብታዋለች። ትንሽ ሆኖ፣ ከእማማ ነጠላ ጫፍ በላይ፣ ከእኛ ጋር አብሮ ይሄዳል። ያ ነጭ መስመር ዛሬም እዚያ ገደል ላይ ተጋድሟል፣ እኛ ሁላችን አልፈንም እዚያው ይቆያል ብዬ አሰብኩ፤ ሐሳቡ አላስፈራኝም። ሐና ተኝታለች። የሌክ ሲቲ ምልክት መጣ፣ ሄደም መሰለኝ።

እማማ እጃቸውን ክንዴ ላይ አደረጉ።

«ልጄ» አሉ፣ «መውጫውን አለፍከው።»

ሰምቻለሁ። የሚቀጥለው መውጫ ቅርብ ነበር። እሱንም አውቄ አለፍኩት።